ገመዱ ስንት ሜትር ይበቃል? ከደብረ ዳሞ ገደል እስከ ካዛንቺስ ፎቅ

ገደል ለመውጣት ስንት ሜትር ገመድ ይበቃል? ሲሰሙት የፈረንጅ ስፖርተኞች ጥያቄ ይመስላል። በኢትዮጵያ ግን መነኮሳት፣ ነገሥታት፣ እስረኞችና ወታደሮች ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩበት ጥያቄ ነው። ዛሬ ደግሞ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ ዙሪያ፣ ከሕንፃ አናት በገመድ እየወረዱ መስታወት የሚያጥቡና ቀለም የሚቀቡ ወጣቶች በየሥራ ቀኑ የሚመልሱት ጥያቄ ሆኗል። መልሱ ከተሳሳተ የሚከፈለው ዋጋ የሰው ሕይወት ነው።

ብዙ ሰው መልሱን ቀላል አድርጎ ያስበዋል። ገደሉ 15 ሜትር ከሆነ 15 ሜትር ገመድ፣ ፎቁ 40 ሜትር ከሆነ 40 ሜትር ገመድ። ታሪኩ ሲታይ ግን እንዲህ አይደለም። የገመድን ርዝመት የሚወስነው የገደሉ ቁመት ብቻ አይደለም። ገመዱን የሚይዘው ሰው የት ነው የቆመው? የወጣው ሰው ይወርዳል ወይስ አይወርድም? ለክፉ ቀን የሚተርፍ ስንት ሜትር ተይዟል? ሦስቱም ይቆጠራሉ።

የዳሞ ሒሳብ

ደብረ ዳሞ በትግራይ፣ ከኤርትራ ድንበር ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ አናቱ ጠፍጣፋ አምባ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዙሪያው ቀጥ ያለ ገደል ነው። ወደ ገዳሙ ለመግባት 15 ሜትር ያህል ቁመት ያለውን የድንጋይ ግድግዳ በገመድ መውጣት ግድ ይላል።

ትውፊቱን የማያውቅ ጥቂት ነው። ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ወደ አምባው የወጡት ቅዱስ ሚካኤል እየጠበቃቸው፣ በዘንዶ ተይዘው ነው። ሥዕሉ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይታያል፤ በዓላቸውም ጥቅምት 14 ቀን ይከበራል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው የትውፊቱ ቀጣይ ክፍል ነው። ዐፄ ገብረ መስቀል በአምባው ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ድንጋይና እንጨት የሚመላለስበት መወጣጫ ተሠርቶ ነበር። ሥራው ሲያልቅ አቡነ አረጋዊ «ዳህምሞ» አሉ፤ «አፍርሰው» ማለታቸው ነው። ዳሞ የሚለው ስም ከዚህ ቃል እንደመጣ ይነገራል። መወጣጫው ፈረሰና ገመድ ተተካ።

ይህን ትውፊት እንደ ታሪክ የሚቀበለውም እንደ ምሳሌ የሚያየውም ሰው በአንድ ነገር ይስማማል። ዳሞ በገመድ የሚወጣው ሌላ ዘዴ ስለታጣ አይደለም፤ ገመድ ስለተመረጠ ነው። መወጣጫ ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው፤ ለወዳጅም ለጠላትም ያው ነው። ገመድ ግን ይሰበሰባል። የላይኛውን ጫፍ የያዘው ሰው ካልፈቀደ ማንም አይወጣም። ሴቶች ወደ ገዳሙ እንዳይወጡ የሚከለክለው ሥርዓትም የሚጠበቀው በዚሁ በር ነው።

ምርጫው ምን እንዳተረፈ በኋላ ታይቷል። በ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት የኢማም አሕመድ ጦር በሰሜኑ አገር ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ሲያቃጥል ዳሞን ከቦ ሊይዘው አልቻለም። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1540 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት እዚያው ነው። በዓመቱ በክሪስቶፎር ዳ ጋማ የሚመራው 400 ያህል የፖርቱጋል ጦር ሲመጣ፣ በአምባው ተጠግተው የነበሩት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ወጥተው ከጦሩ ጋር ተገናኙ። ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን የአክሱም የጥናት ቡድን በ1906 (እ.ኤ.አ.) ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ከነጥንታዊ አሠራሩ፣ ድንጋይና እንጨት እየተነባበሩ እንደተገነባ፣ ቆሞ ነበር። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ሞርዲኒ ደግሞ ከአምባው ላይ ከመቶ በላይ የኩሻን መንግሥት የወርቅ ሳንቲሞች መገኘታቸውን ለዓለም አስታወቀ። ከሕንድ አቅጣጫ በቀይ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ወርቅ በ15 ሜትር ገደል አናት ላይ ለዘመናት ተቀምጦ ቆየ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በዳሞ ግድግዳ ላይ የሚወርደው ገመድ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። አንዱ ከበሬ ቆዳ የተጎነጎነ ወፍራም ገመድ ሲሆን፣ ከላይ ታስሮ የሚወጣው ሰው በእጁ ይዞት በእግሩ ድንጋዩን እየረገጠ ይወጣበታል። ሌላው በወገቡ ላይ ይታሰራል፤ ከላይ ያለ መነኩሴ ሰውየው በወጣ ቁጥር ይስበዋል። እጁ ቢዝል ወይም እግሩ ቢያዳልጠው የወገቡ ገመድ ያስቀረዋል። በዘመኑ የገደል መውጣት ቋንቋ ይህ «ከላይ መያዝ» የሚባለው ዘዴ ነው።

ያዡ ከላይ ስለሆነ ገመዱ ከቁመቱ ብዙም መብለጥ የለበትም። 15 ሜትር ለገደሉ፣ አንድ ሜትር ያህል በወገብ ለሚዞረውና ለሚቋጠረው፣ ሁለት ሦስት ሜትር ደግሞ ከላይ ለያዡ እጅና ለማሰሪያው። ባጠቃላይ 20 ሜትር ቢሆን ይበቃል። ያዡ ከታች ቢቆምና ገመዱ ከላይ በቀለበት ዞሮ ቢመለስ ግን ያው ገደል ከ30 ሜትር በላይ ይጠይቃል። የያዡ መቆሚያ ስለተለወጠ ብቻ የገመዱ ርዝመት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ቆዳ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሲርስ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይደድራል፤ ካልታሸና ካልተቀባ ይሰነጠቃል። የጠፍር አልጋ ያለው ቤተሰብ ይህን ያውቃል፤ ጠፍሩ ሲላላ እንደገና ይወጠራል። ስለዚህ በቆዳ ገመድ ዘመን ርዝመት አንዴ ተለክቶ የሚተው ነገር አልነበረም። ያረጀው ጫፍ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው በአዲስ ይቀጠላል፣ ገመዱም በየጊዜው ይታያል። ለረጅም ዘመን ሰውን ከነነፍሱ ያደረሰው የቆዳው ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ይህ ልማድ ነው።

የማያወርድ ገመድ

ሁሉም አምባ ለጸሎት አልተመረጠም። በወሎ የግሸን አምባ፣ በኋላም በጎንደር ዘመን የወህኒ አምባ፣ ዙፋን ሊመኙ ይችላሉ ተብለው የተፈሩ የንጉሥ ዘሮች የሚጠበቁባቸው ቦታዎች ነበሩ። ግሸን በ1540 (እ.ኤ.አ.) በኢማም አሕመድ ጦር እጅ ሲወድቅ ያ ሥርዓት ለጊዜው ተቋረጠ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ግን በወህኒ ተመልሶ መጣ። ቃሉ ዛሬም በአፋችን አለ፤ «ወህኒ ቤት» የምንለው ከዚያ አምባ ስም የወጣ ነው።

በዚህ ጊዜ ሒሳቡ ይገለበጣል። በዳሞ ገመዱ የሚለካው ሰው እንዲወጣም እንዲወርድም ነው። በወህኒ የነበረው እስረኛ ግን የሚያወርደው ገመድ አልነበረውም። ሳይሞክሩ የቀሩ አይምሰል። ዐፄ በካፋ ከመንገሣቸው በፊት ከወህኒ አምልጠው ተይዘዋል፤ በ1721 (እ.ኤ.አ.) የነገሡት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ግን እንደወጡ ቀሩ። አንድን ሰው ከፍታ ላይ አውጥቶ የሚወርድበትን መንገድ በእጁ አለመስጠት እስራት ነው፤ ቦታው አምባም ይሁን ሌላ።

መሰላል የረሱት መሐንዲሶች

ገመድና መሰላል ከታላቅ ጦር ጋርም ይረሳሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የዐፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ምሽግ መቅደላን ሲያጠቃ፣ ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ፣ ወደቡ ላይ የባቡር ሐዲድ ሳይቀር ዘርግቶ ነበር የመጣው። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን መሐንዲሶቹ በሩን የሚያፈርሱበትን ባሩድና ቅጥሩን የሚወጡበትን መሰላል ይዘው አልመጡም። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አምጡ ተባሉ። በመካከሉ ሁለት ወታደሮች እየተደጋገፉ ቅጥሩን ዘለው ገቡና ለዚህ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለሙ።

ሽልማቱ የጀግንነት ነው፤ ተገቢ ሊሆንም ይችላል። ግን ጀግንነቱ ያስፈለገው ሌላ ሰው ሥራውን ስላልሠራ ነው። ይህ ነገር በየግንባታ ቦታው ይደጋገማል። ማቴሪያል የጎደለበት ሥራ «ጎበዝ ልጅ» ይፈልጋል። ጎበዙ ልጅ ከተሳካለት ይመሰገናል፤ ካልተሳካለት «ራሱ አልተጠነቀቀም» ይባላል።

በዚያው አሥር ዓመት፣ ሐምሌ 14 ቀን 1865 (እ.ኤ.አ.)፣ በአልፕስ ተራሮች የማተርሆርንን ጫፍ መጀመሪያ የረገጡት ሰባት ሰዎች ሲወርዱ አንዱ አዳለጠው፤ ገመዱ ተበጠሰና አራቱ ሞቱ። ይዘውት የሄዱት ገመድ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ የተሻለ ገመድ አብሯቸው ነበር። የተበጠሰው ግን ከሁሉ ደካማው ሆኖ ተገኘ። ዓለም ስለ ገመድ መስፈርት በቁም ነገር መነጋገር የጀመረው እንዲህ ባሉ አደጋዎች ነው።

ቀላድ፦ ርዝመቱ ያከራከረ ገመድ

በኢትዮጵያ ርዝመቱ ብዙ ሰው ያነጋገረ ገመድ ሌላም አለ፤ ቀላድ። መሬት የሚለካበት ገመድ ነው፤ ወደ 66 ሜትር ገደማ። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በሸዋና በደቡቡ አገር ሰፊ መሬት በቀላድ ተለክቶ በጋሻ ተከፋፍሏል። አንድ ጋሻ በኋለኛው ልማድ 40 ሄክታር ገደማ ይባላል። ገመዱ ላላ ተደርጎ ወይም ተወጥሮ መያዙ የባለመሬቱን ድርሻ ይለውጣል። ስለዚህ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ቀላድ ነው?» ብቻ አልነበረም። «ማን ያዘው?» ጭምር ነው።

የገደል ገመድና የመሬት ገመድ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ጫፉን የሚይዘው ሰው የማይታመን ከሆነ በወረቀት ላይ የተጻፈው ርዝመት ብቻውን አያድንም።

የዘመኑ ደንብ

ዛሬ ገደል መውጣት ስፖርት ሆኗል፤ በቶኪዮ የተካሄደው የ2020 ኦሊምፒክም ውስጥ ገብቷል። ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። አሜሪካዊቷ ማይካ በርኻርት ከጓደኞቿ ጋር በ2007 (እ.ኤ.አ.) በገርዓልታ የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች ላይ ወጥታ በዓመቱ ስለዚያ መጽሐፍ አሳትማለች። በዚያው ገርዓልታ ካህናትና ምእመናን ወደ አቡነ የማታ ጉሕ በባዶ እግራቸው፣ በድንጋዩ ላይ በተፈለፈሉ የእጅና የእግር መያዣዎች ሲወጡ ኖረዋል።

የስፖርቱ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው በ60፣ በ70 ወይም በ80 ሜትር ነው። ደንቡ አጭር ነው። ያዡ ከታች ሆኖ ወጪው ከላይ በቀለበት ተመልሶ የሚወርድ ከሆነ፣ ገመዱ ቢያንስ የገደሉ እጥፍ መሆን አለበት። 60 ሜትር ገመድ ከ30 ሜትር ገደል በላይ አያወርድም። ቋጠሮ የሚበላው፣ መንገዱ ወደ ጎን ሲጣመም የሚጨምረው፣ አርጅቶ የተቆረጠው ጫፍ ሁሉ ከዚህ ይቀነሳል።

ሁለተኛው ደንብ ከመጀመሪያው የበለጠ ሰው አድኗል፦ የገመዱን የታችኛውን ጫፍ ቋጥር። ገመዱ አጭር ሆኖ ሳያስተውሉ ሲያወርዱ፣ ጫፉ በያዡ እጅ አልፎ ሲወጣና ወራጁ ሲወድቅ የሚደርሰው አደጋ በዓለም የታወቀ ነው። የሚደርሰውም በጀማሪዎች ላይ ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት በወጡና በለመዱ ሰዎች ላይም ነው። አንድ ቋጠሮ ይህን ያስቀራል፤ ቋጠሮ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ነገር የገመዱ ዓይነት ነው። የስፖርት ገመድ እንዲለጠጥ ሆኖ ይሠራል፤ ሰው ሲወድቅ ድንገት እንዳይሰብረው። መስፈርቱ 80 ኪሎ ሲንጠለጠልበት እስከ 10 በመቶ እንዲለጠጥ ይፈቅዳል። በ60 ሜትር ላይ ይህ እስከ 6 ሜትር ነው፤ መሬት አጠገብ ላለ ሰው ትልቅ ቁጥር ነው። ተንጠልጥሎ ለሚሠራ ሰው የሚሆነው ግን ብዙ የማይለጠጥ ገመድ ነው። በጭነት መኪና ላይ ዕቃ ለማሰር የሚሸጠው ገመድ ለሁለቱም አልተሠራም።

ካዛንቺስ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ድርጅት ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤት። ዝቅ ያሉ ቤቶች ሰፈር ነበር። በ1961 (እ.ኤ.አ.) አፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ፣ በኋላም ሆቴሎችና ቢሮዎች ሲከተሉ ሰፈሩ ወደ ላይ ማደግ ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙው አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። በከተማዋ መሀል ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። አዲስ አበባ ገደል የሌላት ከተማ ነበረች፤ አሁን ራሷ ሠርታዋለች።

ሕንፃው ሲሠራ ሰው የሚወጣው በባሕር ዛፍ ወይም በብረት መወጣጫ ነው። ሥራው ሲያልቅ መወጣጫው ይፈርሳል፤ ልክ በዳሞ እንደተባለው። ከዚያ በኋላ መስታወቱን ለማጠብ፣ ማስታወቂያ ለመስቀል፣ የሚያፈስ ቦታ ለመድፈን የሚቀረው ገመድ ነው። ልዩነቱ፣ በዳሞ መወጣጫው ሲፈርስ ገመዱን ማን ይይዛል የሚለው አብሮ ተወስኗል። በብዙ ሕንፃዎች ላይ ግን ይህ ጥያቄ መስታወቱ እስኪቆሽሽ ድረስ አይነሣም።

ለምሳሌ 12 ፎቅ ያለውን ሕንፃ እንውሰድ። እያንዳንዱ ፎቅ 3.5 ሜትር ቢሆን 42 ሜትር ነው። 50 ሜትር ገመድ የገዛ ሰው ስምንት ሜትር ተረፈኝ ብሎ ያስባል። ማሰሪያው ግን ከጣሪያው ጠርዝ ላይ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ስድስት ሜትር ገባ ብሎ ሊሆን ይችላል። ቋጠሮዎቹ ሁለት ሜትር ይበላሉ። ከታች ለመጨረሻው ቋጠሮ ሌላ ሁለት ሜትር ያስፈልጋል። ድምሩ 52 ሜትር ሆነ። 50 ሜትሩ አልበቃም ማለት ነው።

ይህም አንዱ ገመድ ብቻ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ የተጀመረው በገመድ የሚሠራ የሥራ ዘርፍ ማኅበር ያስለመደው ዋና ደንብ፣ ሰው በሁለት ገመድ እንጂ በአንድ እንዳይንጠለጠል ነው። አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለመጠባበቂያ፣ እያንዳንዱም ለብቻው የታሰረ። ስለዚህ ለዚያ ሕንፃ የሚያስፈልገው 104 ሜትር ነው፤ 50 አይደለም። ደንቡ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ አዲስ መሆን አልነበረበትም። አንዱን በእጅ፣ ሌላውን በወገብ፤ የዳሞ መነኮሳት ሁለት ገመድ የሚያወርዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅና የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ችግሩ የሚመጣው አሠሪው ማን እንደሆነ ሲጠፋ ነው። የሕንፃው ባለቤት ለአስተዳዳሪ፣ አስተዳዳሪው ለጽዳት ድርጅት፣ ድርጅቱ ለአንድ ቡድን መሪ፣ ቡድን መሪው ለቀን ሠራተኛ። ዋጋው በየደረጃው ይቀንሳል። ገመዱን የሚገዛው በመጨረሻ ከሁሉም ያነሰ ገንዘብ የያዘው ነው፤ ደግሞም የሚንጠለጠለው እሱ ነው። 52 ሜትሩ ወደ 50፣ ሁለቱ ገመድ ወደ አንድ የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው። ማንም ሰው ይሙት ብሎ አልወሰነም፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቆረጠ።

መፍትሔው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ሥራውን የሚሰጥ የሕንፃ ባለቤት ከመፈረሙ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። ገመዱ ከማሰሪያው እስከ መሬት ተለክቷል ወይስ በፎቅ ብዛት ተገምቷል? ገመዱ ሁለት ነው ወይስ አንድ፣ እያንዳንዱስ የት ታሰረ? የታችኛው ጫፍ ተቋጥሯል? ከላይ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ማን ነው? መልሱ በውሉ ላይ ይጻፍ። አዲስ ሕንፃ የሚፈቅደው አካልም ጣሪያው ላይ የገመድ ማሰሪያ በፕላኑ መኖሩን ይመልከት፤ ሠራተኛው ከውኃ ታንከር እግር ወይም ከአንቴና ብረት ጋር እንዲታሰር አይተወው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከዳሞ የሚቀረው ትምህርት ገመዱ ከቆዳ መሠራቱ አይደለም። እዚያ ከታች ያለው ሰው ሕይወት ከላይ ባለው ሰው እጅ መሆኑ ይታወቃል፤ ከላይ ያለውም ይህን ያውቃል፤ ስሙም ፊቱም ይታወቃል። በካዛንቺስ ፎቆች አናት ላይ የጎደለው እሱ ነው። ገመዱ የሚያጥርበት ሁለት ሜትር ለባለቤቱ ኢምንት ወጪ ነው፤ ለሚንጠለጠለው ልጅ ግን ወደ ቤቱ መመለሻው ነው።